ዘግይታ የምትወልድ ጊደር የምታስከፍለን ዋጋ

ከኦሃዮ ግዛቷ ኮሎምበስ መሀል በስተምሥራቅ የሬይኖልድስበርግ ከተማ ትገኛለች። በዚያ አቅጣጫ ለሚኖረውና ለሚነግደው ኢትዮጵያዊ ስሟ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተው የአሜሪካ የጀርሲ ከብት ማኅበር ለአሥርተ ዓመታት መቀመጫውን እዚያ ማድረጉን ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ማኅበሩ የጀርሲ ላሞችን የዘር ሐረግ፣ የወሊድ ቀንና የወተት መጠን ይመዘግባል። ጀርሲ ለአገራችንም ባይተዋር አይደለችም። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ፣ አዳበርጋ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዴንማርክ በመጡ እርጉዝ ጊደሮች የተቋቋመ እርባታ አለ፤ ኋላም በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥር ሆኖ ንጹሕ የጀርሲ ዝርያ ሲያራባ ቆይቷል። ዝርያው አንድ ነው። ይሁንና የአሜሪካ የጀርሲ ጊደር በአብዛኛው 2 ዓመት ሳይሞላት ወይም እንደሞላት በኩሯን ስትወልድ፣ በአዳበርጋ የተመዘገበው የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ 30 ወር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ አዳበርጋ ክትትል ያለው የመንግሥት እርባታ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ የታየው ይህ የመንፈቅ ልዩነት የወተት እጥረታችን ምንጭ የት እንዳለ ይጠቁማል።

ላም ካልወለደች አትታለብም። ስለዚህ ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትጥል ያለው ጊዜ ሁሉ ባለቤቷ የሚያወጣበት እንጂ የሚያገኝበት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ይሠራ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ባወጡት ግምገማ የኢትዮጵያ ደጋ ዜቡ ላም በኩሯን የምትወልደው በአማካይ በ53 ወሯ፣ ከአንዱ ወሊድ እስከ ቀጣዩ ደግሞ 25 ወር እንደምትቆይ አስፍረዋል። 53 ወር ማለት 4 ዓመት ከ5 ወር ነው። እስቲ እናስላው። ይህች ላም 10 ዓመት እስኪሞላት በበረቱ ብትቆይ በ53ኛ፣ በ78ኛና በ103ኛ ወሯ ትወልዳለች፤ በጠቅላላው 3 ጥጃ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወሊድ ብቻ ወደ 36 ወር ቢወርድና ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቀጥል ግን በ36ኛ፣ በ61ኛ፣ በ86ኛና በ111ኛ ወሯ ትወልዳለች፤ ጥጃዋ 4 ይሆናል። አንድ ተጨማሪ ጥጃ፣ አንድ ተጨማሪ የአለባ ዘመን ከዚያችው ላም ተገኘ። ለዚህ አዲስ ዝርያ ማምጣትም፣ ላሟ በቀን የምትሰጠውን ወተት በአንድ ሲኒ እንኳ መጨመርም አላስፈለገም። በእኔ እምነት የወተት ፖሊሲያችን ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ላሟ ብዙ እያሰብን ጊደሯን ረስተናታል።

ጊደር ለአቅመ ወሊድ የምትደርሰው ከዕድሜዋ ይልቅ በክብደቷ ነው። የወተት ላም ጊደር ኮርማ መፈለግ የምትጀምረው ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ስትደርስ ነው። ለማስጠቃት የሚመከረው 55 እስከ 60 በመቶ ሲሞላ፣ ከወለደች በኋላም ቢያንስ 82 በመቶ ላይ ብትገኝ ነው። የኦሃዮ ገበሬ የሆልስታይን ጊደሩን በ22 እና በ24 ወር መካከል የሚያስወልዳት እነዚህን ደረጃዎች በጊዜያቸው ስለሚያስደርሳት ነው፤ በቀን 800 ግራም ገደማ እየጨመረች ታድጋለች። ከዛሬ 40 ዓመት በፊት የአሜሪካም አማካይ ከ26 ወር በላይ ነበር። ያን ያወረደው ጊደሯን እንደ ሥራ ፈት ከብት ማየት መቅረቱና ለብቻዋ የመኖ፣ የሚዛንና የመዝገብ ሥርዓት መበጀቱ ነው።

ይህን ስሌት ወደ አገራችን ከብት እናምጣው። ሙሉ ላም ስትሆን 250 ኪሎ የምትመዝን የሐበሻ ላም እንውሰድ። ለማስጠቃት 60 በመቶው፣ ማለትም 150 ኪሎ ይበቃታል። ስትወለድ 20 ኪሎ ከነበረች የሚቀራት 130 ኪሎ ነው። በ53 ወሯ የምትወልደው ጊደር ያረገዘችው በ43 ወሯ ገደማ ስለሆነ፣ ይህን 130 ኪሎ የጨመረችው በ1,300 ቀን ውስጥ ነው፤ በቀን 100 ግራም ብቻ። ያንኑ 130 ኪሎ በ24 ወር እንድትጨምር ብንፈልግ የሚያስፈልጋት በቀን 180 ግራም ነው። በ34 ወሯም ትወልዳለች። እንግዲህ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ መዘግየት ያመጣው የ80 ግራም ጉድለት ነው። የኦሃዮዋ ሆልስታይን በየቀኑ ከምትጨምረው አንድ አሥረኛው ብቻ ቢታከልላት የእኛዋ ጊደር ቤተሰቡን ከአንድ ዓመት በላይ ቀድማ ወተት ታሳየው ነበር። ስለዚህ ኦሃዮን ካልሆንን ዋጋ የለንም የሚል ተስፋ መቁረጥ መሠረት የለውም። እንድንሻገረው የሚጠበቀው ርቀት አጭር ነው።

80 ግራሙ የሚጎድለው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የጥጅነት ወራት ነው። ጥጃ ስትወለድ በደሟ ውስጥ በሽታ የሚከላከል ኃይል የላትም፤ የምታገኘው ከእናቷ እንገር ነው፤ አንጀቷ ያን የመቀበል አቅሙ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ በአንድ ቀን ውስጥ ይዘጋል። በብዙ ቤት ግን ጥጃዋ እንድትጠባ የሚፈቀድላት ወተቱ እንዲወርድ ያህል ነው፤ ጡቱ ሲያግት ትጎተትና ከእናቷ ፊት ትታሰራለች፣ ማለቢያው ሲሞላ የተራረፈውን እንድትልስ ትለቀቃለች። ሁለተኛው የበጋው ወራት ነው። ጊደሯ በክረምትና በመኸር የሰበሰበችውን ሥጋ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መልሳ ታጣዋለች፤ የግጦሹ መሬት ሲራቆት ገለባው ቀድሞ ለእርሻ በሬው፣ ቀጥሎ ለምትታለበው ላም ይቀርባል፤ ለጊደሯ ከደረሰ የሚደርሳት የተረፈው ነው። ስለዚህ እድገቷ ዓመት በዓመት ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል። በአማካይ 100 ግራም ያልነው ቁጥር እውነተኛ መልኩ ይህ ነው፤ ጥቂት ወራት ደህና ታድጋለች፣ ቀሪውን ወራት ያደገችውን ትበላለች።

በጥጅነት የተቆጠበ ወተት ኋላ በላምነት ይቀነሳል። በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በዩኒቨርሲቲው መንጋ ውስጥ ጥጃዋ ጡት ከመጣሏ በፊት ባላት ዕለታዊ እድገት ላይ አንድ ኪሎ በጨመረ ቁጥር በመጀመሪያው የአለባ ዘመን 850 ኪሎ ያህል ተጨማሪ ወተት ተገኝቷል። ለጥጃዋ በጊዜው የተተወ ወተት ጥሩ ወለድ ይዞ የሚመለስ ቁጠባ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። ይህ ሲባል ግን ፍጥነት ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ጊደር ለአቅመ ወሊድ ከመድረሷ በፊት ጉልበት ሰጪ መኖ ያለ ልክ ከበላች ግት ውስጥ ወተት አመንጪው ክፍል በሚገባ ሳያድግ ስብ ቦታውን እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። በካሊፎርኒያ በ3 እርባታዎች በሚገኙ ወደ 1,900 በሚጠጉ የበኩር ወላድ ሆልስታይኖች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናትም እጅግ ቀድመው፣ በ700 ቀንና ከዚያ በታች የወለዱት በመጀመሪያው ዓመት አነስተኛ ወተት እንደሰጡ፣ በገቢ በኩል ከሁሉ የተሻሉት ከ701 እስከ 750 ቀን ባለው ጊዜ የወለዱት እንደሆኑ አሳይቷል። እንግዲህ ነገሩ ልክ አለው። እኛ ግን ከዚያ ልክ በታች የመውረድ ሥጋት ላይ ገና አልደረስንም፤ ችግራችን በተቃራኒው ዳር ነው።

ቀድሞ ማደግ ለወተት ብቻ ሳይሆን ለመራባትም ይረዳል። አሜሪካ ውስጥ በሥጋ ከብት ጊደሮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት በመጀመሪያ የኮርማ ፍላጎታቸው ከተጠቁት 57 በመቶ፣ በሦስተኛው ከተጠቁት ደግሞ 78 በመቶ እንዳረገዙ ዘግቧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሕፀኗም ሆነ የሆርሞን ሥርዓቷ በየ21 ቀኑ ዑደት እየበሰለ ይሄዳል። በጊዜ ያደገች ጊደር ለማስጠቃት ከተወሰነው ቀን በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ያላደገችው ግን ወይ ጨርሶ አትፈልግም፣ ወይም የመጀመሪያዋ ላይ ትጠቃና ሳታረግዝ ትመለሳለች። ባለሙያው ተጠርቶ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ የኮርማ ዘር ባክኖ ሌላ 21 ቀን ይጠበቃል። በአገራችን ስለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎት የሚሰማው ምሬት አንድ ክፍሉ የአዳቃዩ እጅ ወይም የዘሩ ጥራት ችግር መሆኑን አልክድም። ሌላው ክፍሉ ግን ሰውነቷ ገና ያልደረሰን ጊደር በሆርሞን መርፌ ለማስጠቃት መቸኮል ነው። መርፌው ኮርማ የምትፈልግበትን ቀን ያቀናጃል እንጂ የጎደላትን ክብደት አይሞላላትም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከገበሬው ልምድ የመጣ ነው፤ ሕፃን ጊደር ማስጠቃት በምጥ መግደል ነው ይላል። ሥጋቱ እውነት አለው። ትንሽ ጊደር በትልቅ ዝርያ ኮርማ ዘር ስትጠቃ ጥጃው ከዳሌዋ ይበልጥና ምጥ ይጠናባታል፤ ብትተርፍ እንኳ ገና ራሷ እያደገች ወተትም እየሰጠች ስለሆነ ለሁለተኛው እርግዝና ብዙ ወራት ትዘገያለች። የዚህ መልስ ሚዛን እንጂ ዓመታት መቁጠር አይደለም። ሚዛን በሌለበት መንደር አንድ ሜትር ይበቃል። ጊደሯ በአራት እግሯ ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ሳትደፋ ትቆማለች፤ ሜትሩ ከሻኛዋ ኋላ ወርዶ ከፊት እግሮቿ ጀርባ ደረቷን ይዞራል፤ ሳይላላም ሳያንቅም ይነበባል። የደረት ዙሪያው ከክብደቷ ጋር በቅርብ ስለሚዛመድ ለዝርያው በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ኪሎዋ ይገመታል፤ ለሆልስታይን የተሠራውን ለሐበሻ ከብት መጠቀም ግን ያሳስታል። በየሦስት ወሩ የሚለካ ገበሬ መቼ እንደሚያስጠቃት ብቻ ሳይሆን መቼ እድገቷ እንደቆመም ያውቃል። ልጅ ናት ተብላ በ3 ዓመቷ 110 ኪሎ የምትመዝን ጊደር ችግሯ ልጅነት አይደለም፤ ረኃብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያው ወገን የሚመጣ ሲሆን ጉዳዩ የዘር ነው ይላል። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከ70 ሚሊዮን የሚበልጠው የአገሪቱ ከብት ወደ 97 በመቶ የሚጠጋው አገር በቀል ነው፤ የአንዲት ላም ዕለታዊ ወተት ደግሞ በአማካይ 1.5 ሊትር ገደማ። ስለዚህ ከማዳቀል በቀር መውጫ የለም ይባላል። በዝርያዎች መካከል ልዩነት መኖሩን የሚክድ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሰላ በስዊድን ድጋፍ ከተጀመረው የጭላሎ ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ጀምሮ በሆለታና በባኮ የተሠራው ሁሉ ዲቃላ ጊደር ከአገሬዋ ቀድማ እንደምትወልድ አሳይቷል። ነገር ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን ልዩነት ስንመለከት ሥዕሉ ይገለበጣል። የአሜሪካ የወተት ከብት ማሻሻያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ቀድሞ መውለድን በኮርማዎች ምዘና ውስጥ አካቷል፤ የዚህ ጠባይ የመወረስ መጠን ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በጊደሮች መካከል ከሚታየው የወሊድ ዕድሜ ልዩነት ከ97 በመቶ በላዩ በአብዛኛው የመኖ፣ የጤናና የአያያዝ ውጤት ነው ማለት ነው። ከኮሎምበስ ሰሜን ምዕራብ ፕሌን ሲቲ ላይ ያለው የሴሌክት ሳየርስ ኅብረት ሥራ ድርጅት ምርጥ የተባለ የኮርማ ዘር ቢልክልን እንኳ፣ የተወለደችው ዲቃላ ገለባ ብቻ ከበላች ከፍተኛ ክብደት የሚጠይቅ ሰውነቷን ሳትሞላ ዓመታት ታሳልፋለች። አዳበርጋ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ደሙ ሙሉ በሙሉ ጀርሲ ሆኖ የወሊዱ ጊዜ ግን ከአሜሪካው በመንፈቅ ዘገየ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። ኦሃዮ ሰፊ የበቆሎ ምድር፣ ባንክና መኪና አላት፤ የእኛ ገበሬ መኖ ከየት ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ኦሃዮም ሣር የማይበቅልበት ረጅም ወራት አላት፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መሬቱ በብርድ ተይዞ ይተኛል። የኦሃዮዋ ጊደር በእነዚያ ወራት የማትከሳው በመኸር የተቆረጠ በቆሎ ከነአገዳው ሳይሌጅ (ታፍኖ የሚቆይ እርጥብ መኖ) ሆኖ፣ አልፋልፋው ድርቆሽ ሆኖ ስለተቀመጠላት ነው። የእኛ በጋና የእነሱ ክረምት ለከብቷ አንድ ናቸው፤ የሚለያየው የተከማቸው ነው። በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ የሚባክነውን ሣር ሳይጠነክር አጭዶ ድርቆሽ ማድረግ፣ በእርከን ዳር ደሾና ዝሆኔ ሣር መትከል፣ ለጊደሯ ከገለባው ጋር ጥቂት የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ መጨመር ከገበሬው አቅም በላይ አይደለም። በዚያ ላይ መዘግየቱ ራሱ መኖ ይበላል። በ36 ወር መውለድ እየቻለች እስከ 53 ወር የቆየች ጊደር በ17 ወር ውስጥ በቀን 4 ኪሎ ደረቅ መኖ ብትበላ 2 ቶን ገለባና ድርቆሽ ጨርሳ አንዲት ጠብታ ወተት አልሰጠችም። ድኻው ገበሬ መኖ ስለሌለው ጊደሩን ማሳደግ አልቻለም ከማለት ይልቅ፣ ጊደሩ ስለዘገየችበት መኖው አለቀበት ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

በሬው ይቅደም የሚለውም ክርክር እንደዚሁ ነው። ያለ በሬ እርሻ የለም፤ ያለ እርሻም ቤተሰብ አይኖርም። ነገር ግን በሬ የሚወለደው ከላም ነው። ላሟ በዕድሜዋ ከ3 ጥጃ ይልቅ 4 ብትወልድ ግማሹ ወንድ ነውና የበሬውም ቁጥር ይጨምራል። ከዚያም በላይ ጊደሮቹ በጊዜ ከወለዱ ያንኑ ያህል ወተትና ያንኑ ያህል ወይፈን ለማግኘት ጥቂት ከብት ይበቃል፤ በተራቆተው የወል ግጦሽ ላይ የሚሰማራው አፍም ይቀንሳል። መንጋን በቁጥር መለካት ለድርቅ ዘመን ዋስትና እንደሆነ እረዳለሁ። በሰው ብዛት በተጨናነቀው ደጋ ግን ያ ዋስትና ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት ትልቅ ቦታ መያዙ መልካም ነው። የሚሰሙት ሪፖርቶች ግን በአብዛኛው ስንት ላም እንደተዳቀለና ስንት ጥጃ እንደተወለደ የሚናገሩ ናቸው። እነዚያ ጥጆች አድገው በስንት ወራቸው ወለዱ የሚለው ጥያቄ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ የመኖውን፣ የእንገሩን፣ የክትባቱንና የማዳቀሉን ሥራ በአንድ ቁጥር አጠቃሎ የሚያሳይ የፈተና ውጤት ነው፤ የተወለደችበትና የወለደችበት ቀን ብቻ ከተጻፈ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1870 ኮሎምበስ ላይ የተመሠረተው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በግዛቱ 88 አውራጃዎች በሙሉ የግብርና ምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን የምክሩ ሁሉ መነሻ መዝገብ ነው። ይህ አሠራር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የቀድሞው ዓለማያ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የተቋቋመው በዚሁ አምሳል ነበር። በየቀበሌው ያሉት የልማት ሠራተኞቻችን የሚያስፈልጋቸው አንድ የደረት ሜትርና ለእያንዳንዷ ጥጃ አንድ ካርድ ነው።

ኮሎምበስ ያለነውም ድርሻ አለን። ለወንድም ወይም ለአጎት ላም መግዣ፣ አልፎም የወተት እርባታ ማቋቋሚያ ገንዘብ የምንልክ ጥቂት አይደለንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት እንዳይደርስብን ስንት ላም አለን ብለን መጠየቁን ትተን ሌላ እንጠይቅ፤ ባለፈው ዓመት የተወለደችው ጥጃ ዛሬ ደረቷ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ለበጋው ስንት እስር ድርቆሽ ተከምሯል? ጊደሯ የምትጠቃው በስንት ኪሎዋ ነው? እነዚህን የማይመልስ እርባታ ተጨማሪ ላም ቢገዛለት የሚጨምረው ወጪ ነው። የሚመልስ ግን ካለችው ላም ብቻ ብዙ ያተርፋል። መንግሥትም ይህንኑ ጥያቄ ለራሱ ያንሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወተት ሪፖርት ከተዳቀሉት ላሞች ቁጥር ጎን የጊደሮቹ የመጀመሪያ ወሊድ ዕድሜ በየክልሉ ይጻፍ። ያ ቁጥር ከ53 ወር ወደ 40፣ ከ40 ወደ 34 ሲወርድ በገበያ ያለው ወተት መጨመሩ፣ የሕፃናቱም ብርጭቆ መሙላቱ አይቀርም፤ ካልወረደ ግን የቱንም ያህል ዘር ብናስመጣ ወተቱ አይበረክትም።